ድክ ድክ የሚል ልጅ ላላችሁ፦ ትዕግሥት ከየት ይመጣል?

የክሩ (የውይይቱ) መነሻ

ሰላም ለዚህ መድረክ ቤተሰቦች። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ታናሿ ገና ወፌ ቆመች እየተባለላት ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ያሏችሁ ሰዎች መረጋጋትን ከየት ታገኛላችሁ?

የምጠይቀው ምክር አጥቼ አይደለም፤ ምክሩማ ሞልቷል። ታገሺ፣ ጸልዪ፣ በረጅሙ ተንፍሺ፣ ልጅነት ቶሎ ያልፋል ይሉኛል። ሁሉም በቅንነት የተነገረ ነው። ነገር ግን አንድ ምሽት ላሳያችሁ። ልጄ እንጀራውን ራሱ መቁረስ ፈልጎ ኖሯል፤ እኔ ቆርሼ ስሰጠው መሬት ላይ ተዘረጋ። የተቆረሰው እንጀራ እንደ ነበረ ተመልሶ እንዲገጠምለት ነው የሚፈልገው። ሌላ ሙሉ እንጀራ አቀረብሁለት፣ አልሆነም፤ ያንኑ ነው የሚለው። ሲንፈራገጥ እግሩ ሳህኑን መታው፣ ሽሮው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ፣ ታናሿ በሁለት መዳፏ እያነሳች ግድግዳውን ለቀለቀችው። መብራት ከጠፋ ቆይቷል፣ ከሰሉ ላይ ወተት ተጥዷል፣ ውጭ የሐምሌ ዝናብ ያወርደዋል። አንድ ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት በረጅሙ ቢተነፍስ ወተቱን ማን ያወርደዋል? ሕፃኗን ከከሰሉ ማን ያርቃታል?

አቋሜን ልናገር። የወላጅ እርጋታ ከጠባይ ይልቅ በቤቱ ካለው የእጅ ብዛትና ሌሊት ከተገኘው እንቅልፍ ጋር የተያያዘ ነው። እናቴ እኛን ስታሳድግ አያቴ ከጎኗ፣ አክስቶቼ ማድ ቤት፣ ጎረቤቷ ከአጥር ማዶ ነበሩ። እኔ የምኖረው በኪራይ ግቢ፣ በአንዲት ክፍል ነው፤ ባለቤቴ ከሥራ እስኪመለስ ብቻዬን ነኝ። አምስት ሰው ይካፈለው የነበረውን ሸክም ለአንዲት ሴት አሸክሞ ለምን ተቆጣሽ ብሎ መፍረድ ትልቅ በደል ነው ብዬ አምናለሁ። የምትስማሙም የማትስማሙም ጻፉ።

(ክሩ ስለረዘመ፣ ዘግይታችሁ ለምትደርሱ ሰዎች ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስፍሬአለሁ።)

ምላሽ 1
ከፍኖተ ሰላም የጻፈች እናት ናት። በአቋሙ ትስማማለች፤ የምታስቀድመው ግን እንቅልፍን ነው። ልጆቿ በዕድሜ ተቀራራቢ ናቸው። ሌሊት የተኛች ቀን የልጆቿ ጩኸት እንደማይሰማት፣ ሌሊቱን እየተነሣች ያነጋች ቀን ግን የማንኪያ ድምፅ ሳይቀር እንደሚያስቆጣት ገልጻለች። ልጆቹ ያው ናቸው፣ እርሷም ያችው ናት፤ የሚለየው ሌሊቱ ብቻ ነው ትላለች። ከባሏ ጋር ሌሊቱን ለሁለት ከፍለውታል፤ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እርሱ ይነሣል፣ ከዚያ በኋላ እርሷ። ከዚህ ሌላ ያደረጉት አዲስ ነገር የለም።

ምላሽ 2
ጡረታ የወጡ የቡሬ መምህር በትሕትና የጻፉት ነው። ትዕግሥት ጸጋ እንደሆነ፣ በጸሎትና በልምድ እንደሚገኝ፣ የዛሬ ወላጆች ብዙ ምቾት እያላቸው ቶሎ እንደሚማረሩ አስረድተዋል። ባለቤታቸው አምስት ልጆች ሲያሳድጉ አንድም ቀን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንደማያውቁ ጨምረዋል።

ምላሽ 3
አንዲት የዳንግላ ሴት በሁለት መስመር መለሰችላቸው። ባለቤታቸውን ጠይቀዋቸው እንደሆነ ማወቅ ፈልጋለች፤ ስለ እርሳቸው ሌላ ሰው ከሚመሰክር ራሳቸው ቢናገሩ ይሻላል ብላለች።

ምላሽ 4
መምህሩ አልተቀየሙም። የክሩን መነሻ ለባለቤታቸው አንብበውላቸው የሰሙትን ይዘው ተመለሱ። ሴትዮዋ ድምፃቸውን ከፍ ያላደረጉት አማታቸው ምድጃው አጠገብ ስለሚቀመጡ ነበር። ሲብስባቸው እንስራቸውን አዝለው ወንዝ ይወርዱና እዚያ አልቅሰው፣ ፊታቸውን ታጥበው ይመለሱ ነበር። መምህሩ ይህን በዚህ ዕድሜያቸው ገና መስማታቸው እንደሆነ ሳይሸፍኑ ጽፈዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ይዞ ወደ አደባባይ መመለስ የትልቅ ሰው ሥራ ነውና አመሰግናቸዋለሁ።

ምላሽ 5 – 8
እነዚህ አራቱ ስለ ስልክ ናቸው። አንዱ ልጁን በካርቱን እያረጋጋ ሥራውን እንደሚጨርስ ጻፈ፤ ሁለተኛው ይህ ልጅን ማደንዘዝ ነው ብሎ ተቆጣ። ሦስተኛዋ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣውን መመሪያ አቀረበች፤ ለ1 ዓመት ልጅ ስክሪን አይመከርም፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ፣ ከዚያም ቢያንስ የተሻለ ነው ይላል። አራተኛው መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ክረምት በአንድ ክፍል ቤት ከሁለት ልጆች ጋር ውለው ያውቁ እንደሆነ ጠየቀ። ሁለቱንም አከብራለሁ፤ ስልኩን የምትሰጥ እናት ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትፈልገው ድስቷን ሳታሳርር ማውረድ ነው። ይህም ወደዚያው ወደ እጅ ብዛት ይመልሰናል።

ምላሽ 9
ክሩ አቅጣጫውን የቀየረው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊዋ ሞጣ አካባቢ ገጠር ያደገች፣ አሁን ባሕር ዳር የምትሠራ ሴት ናት። በመነሻው ላይ የጠቀስሁት የድሮው የእጅ ብዛት ማለት እርሷ ራሷ እንደነበረች ጻፈች። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ታናሽ ወንድሟን በአንቀልባ አዝላ ትውል ነበር። አንቀልባው ትከሻዋን ስለሚከረክራት ከሥሩ ጨርቅ ታጥፋለች፤ ወንድሟ ሲተኛ ክብደቱ እንደሚጨምር ዛሬም ጀርባዋ ያስታውሰዋል። ትምህርት ቤት የሚለቋት እናቷ ገበያ በማይሄዱበት ቀን ብቻ ነበር፤ ስለዚህ የገበያው ቀን ሁልጊዜ ያመልጣታል፣ በዚያ ቀን የተሰጠውን ትምህርት ሌሎች ሲያውቁት እርሷ አታውቀውም። እኩዮቿ አንድ ክፍል ቀድመዋት አለፉ።

እናቷን አትወቅስም። እናቷም በልጅነታቸው እንደዚያው አዝለው ነበርና። ነገር ግን ድሮ ልጅ በቀላሉ ያድግ ነበር ሲባል በሰማች ቁጥር፣ ማን ከፍሎበት የሚል ጥያቄ ይመጣባታል። ለእናት እርጋታ ሲባል ሌላ ሕፃን ልጅነቷን የምትሰጥ ከሆነ ያ መፍትሔ አይደለም ትላለች። በከተማም ያለው ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ከገጠር መጥታ ልጅ የምትይዘው ሞግዚት ራሷ ብዙ ጊዜ ልጅ ናት።

ይህን ምላሽ ደጋግሜ አነበብሁት። የእጅ ብዛት ስል የማን እጅ እንደሆነ መለየት እንዳለበት ያሳየ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውንም ሁሉ በዚሁ መነጽር እንድታዩት እለምናለሁ።

ምላሽ 10
በአንዲት ቃል አመስግና ያለፈች ናት።

ምላሽ 11
ጠንካራ ቃል የሰነዘረ ሰው ነው። እናትን በአደባባይ ማማት ነውር ነው፣ ሥራ የለመደች ልጅ ትዳር ታከብራለች፣ የዛሬ ሴቶች የሚማረሩት ስላልሠሩ ነው አለ።

ምላሽ 12
የሞጣዋ ሴት ታናሽ ወንድም ነኝ የሚል ሰው መጣ፤ ያ የታዘለው ማለት ነው። ዛሬ መሐንዲስ ነው። ከእኅቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱትን ልጆች ያይ እንደነበር፣ እርሱ ሲደርስ ማንም ሳይከለክለው እንደተማረ፣ ከዚያ በፊት ለእኅቱ የሚገባትን ምስጋና አቅርቦ እንደማያውቅ ጻፈ። ለ11ኛው ሰው የመለሰለት አንድም ስድብ የለም።

ምላሽ 13
የመድረኩ አስተባባሪ በጨዋ ደንብ እንድንነጋገር አሳሰበ።

ምላሽ 14
ከአማኑኤል ከተማ የጻፈች እናት ሌላ ጭንቀት አነሣች። የሁለት ዓመት ልጇ ሲከለከል ያለቅስና ትንፋሹ ይቆማል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ይዝለፈለፋል። ከዚያ ራሱ ይነቃል። ስለዚህ ምንም ልትከለክለው አልቻለችም፤ ቢላዋም ቢይዝ እየሳቀች ለምና ነው የምትቀበለው። ስለ እርጋታ የሚነገራት ሁሉ ከዚህ ፍርሃት ጋር አብሮ አይሄድላትም።

ምላሽ 15
ቡዳ ነው፣ ቶሎ ጠበል ውሰጂው የሚል ምክር ነበር።

ምላሽ 16
በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ሰፋ አድርጋ ጻፈች። ጠበሉን አልነቀፈችም፤ እርሷም ትወስዳለች። ይህ ዓይነቱ ትንፋሽ ማጣት ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባሉ ልጆች የሚታይ መሆኑን፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በራሱ እንደሚያልፍ፣ ልጁ አስቦበት እንደማያደርገው አስረዳች። የብረት ንጥረ ነገር እጥረትና ደም ማነስ ያለበት ልጅ ላይ ይበዛል፤ ስለዚህ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። በዚያች ቅጽበት በጎኑ ማስተኛት እንጂ መወዝወዝ፣ ፊቱ ላይ ውኃ መድፋት ወይም አፉ ውስጥ ነገር መጨመር አይገባም። ሲደርስበት የመጀመሪያው ከሆነ፣ ቶሎ ካልነቃ ወይም አካሉ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት አለበት።

በተለመደው እልህ ላይም ጥቂት አክላለች። በሁለትና በሦስት ዓመት መካከል ያለ ልጅ ፍላጎቱ ከቋንቋው ቀድሞ ይሄዳል። ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ እድገቱን የሚጨርሰው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። ስለዚህ ለእንጀራው የሚያለቅሰው ልጅ እናቱን ሊያሸንፍ የተነሣ አይደለም። እልሁ የሚብሰው ሲርበውና እንቅልፉ ሲመጣ ስለሆነ ሰዓቱን መያዝ ይረዳል፤ የ1 እና የ2 ዓመት ልጅ የቀኑን ጨምሮ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። ሹራብ ልበስ ከማለት ይልቅ ከሁለት ሹራቦች እንዲመርጥ ማድረግም ብዙ ጠብ ያስቀራል ትላለች። በነጋታው ልጄን ሁለት ሹራብ አስመረጥሁት፤ ሁለቱንም ደርቦ ለበሰ፣ ሳያለቅስ ግን ወጣን።

ምላሽ 17
ሌሊት ለሚያለቅስ ሕፃን ጣትን ማር ውስጥ ነክሮ ማጥባት፣ ካልሆነም ከመድኃኒት ቤት የሳል ሽሮፕ ገዝቶ ማስተኛት ይቻላል ብሎ የመከረ ሰው ነው።

ምላሽ 18
ነርሷ ወዲያው ተመለሰች፤ ቃሏም ጠንከር አለ። 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። የጎጃም ማር ንጹሕ ስለሆነ ብሎ ነገር የለም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተሕዋስ በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ያመነጫል። እንቅልፍ የሚያመጣ ሽሮፕም ልጅን ዝም ለማሰኘት አይሰጥም፤ አንዳንዶቹ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንፋሽ ሊያፍኑ ይችላሉ። የመከረውን ሰው ምላሹን እንዲያነሣው ጠየቀችው፤ እርሱ ግን እስከ አሁን አላነሣውም። እባካችሁ 17ኛውን ያነበበ ሁሉ 18ኛውን ሳያነብ አይውጣ።

ምላሽ 19 – 21
ከማር ወደ ማር ዋጋ፣ ከዚያ ወደ ቅቤ ዋጋ፣ ከዚያ ለልጅ የዳጉሳ ገንፎ ይሻላል ወይስ የገብስ ወደሚለው ክርክር ተሻገሩ። የቋሪት ሰዎች ለገብስ ቆሙ፣ የሜጫ ሰዎች ለዳጉሳ።

ምላሽ 22
ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል በሚለው ተረት የጀመረ ሰው፣ ትንሽ አርጩሜ እልህን ከሥሩ ታደርቃለች፣ እኛም ተገርፈን አድገን ሰው ሆነናል አለ።

ምላሽ 23
በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅን መምታት ከልክሏል ብሎ መለሰለት ሌላው።

ምላሽ 24
ሕግ የተማረ ሰው አስተካከለው። አንቀጹ ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው የሚደነግግ ነው፤ ቤትን በስም አይጠራም። ልጅን የሚጎዳ ወላጅ በወንጀል ሕግ ሊጠየቅ መቻሉ ግን የተለየ ጉዳይ ነው ብሏል።

ምላሽ 25
ባሕር ዳር የሚኖር አባት ነው። የሁለት ዓመት ተኩል ልጁ እኅቱን ስለመታ በነጠላ ጫማ መታው። በማግሥቱ ልጁ ያንኑ ነጠላ ጫማ ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣና እኅቱ ላይ አነሣው፤ ድምፁም አባቱ የተናገረበት ድምፅ ነበር። ከዚያ ወዲህ እጁን አልሰነዘረም። ሲቆጣ ልጁን ለሚስቱ ትቶ በሩ ላይ ወጥቶ ይቆማል፤ እርሷም ሲብስባት እንዲሁ ታደርጋለች። ይህ የሚቻለው ግን ሁለት ሰው ቤት ሲኖር መሆኑን ሳይሸሽግ ተናግሯል። 22ኛው ሰው መልስ አልሰጠም።

ምላሽ 26
አንዲት እናት አባቶች የት ናቸው ብላ ጠየቀች። ባሏ ልጆቹን ሲይዝ እረዳሻለሁ እንደሚላት፣ የራሱን ልጆች መያዝ እንዴት እርዳታ እንደሚሆን እንዳልገባት ጻፈች።

ምላሽ 27
የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት፣ ለአባት ግን ተከታታይ 3 ቀናት ብቻ ከደመወዝ ጋር እንደሚሰጥ ተጠቀሰ። በ3 ቀን ውስጥ አባት የሚማረው ምን እንደሆነ ጸሐፊዋ ጠይቃለች። እኔም እጠይቃለሁ፤ ሕፃን መያዝ በመያዝ የሚለመድ ነው፣ ያልያዘም ሳይለምድ ይቀራል።

ምላሽ 28
አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሌላውን ወገን አሳየ። የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ሲመላለስ ሳምንቱን መንገድ ላይ ያሳልፋል። ቤት ሲደርስ ልጁ ይሸሸዋል። መያዝ የማይፈልግ አባት ሳይሆን የማይታወቅ አባት እንደሆነ ጽፏል። 26ኛዋ እናት ለእርሱ በደግነት መለሰች፤ ቤት በሚሆንበት ቀን ገላቸውን የማጠቡን ሥራ ብቻ ለራሱ ቢያደርገው ልጁ በዚያ እንደሚያውቀው መከረችው።

ምላሽ 29
ልጅ ያለቅሳል ብሎ ቤት ልቀቁ ያላቸውን አከራይ የሚያማርር። ከሥሩ በርካታ ተከራዮች ተስማምተዋል።

ምላሽ 30
ከቢቸና ወዲህ ካለ ገጠር አንዲት አያት በልጃቸው ስልክ ያጻፉት ነው። ሌላዋ ልጃቸው ባሕር ዳር ወልዳ አራስ ቤት ብቻዋን እንደከረመች፣ በመንገዱ መዘጋት ምክንያት ሊሄዱላት እንዳልቻሉ ነገሩን። ገንፎውን የሚያገነፋ፣ ልጁን ተቀብሎ እንቅልፍ የሚያስተኛት ሰው አልነበራትም። ስልክ በሚሠራበት ቀን እሹሩሩ እያሉ በስልክ ያባብሉት ነበር። ልጁ አሁን ድክ ድክ ይላል፤ በአካል አላዩትም።

ምላሽ 31 እና 32
መንገዱን ማን ዘጋው ወደሚለው ክርክር ተገባና አስተባባሪው አቆመው። ክርክሩ ቢቆምም የአያቲቱ ነገር ከልቤ አልወጣም። የዚህ አገር እናት አጋዥ አጣች ሲባል በእንዲህ ያለው ምክንያት ጭምር ነው።

ምላሽ 33
ስሟን ያልገለጸች እናት ልጇ ተኝቶ እርሷ እንደማትተኛ፣ ያለ ምክንያት እንደምታለቅስ፣ አንዳንዴ ልጁን ትታ ለመጥፋት እንደምታስብ ጻፈች።

ምላሽ 34
ነርሷ በዚያው ሰዓት መለሰችላት። ይህ ከድካም ያለፈ፣ ሕክምና ያለው ሕመም ሊሆን እንደሚችል፣ የጠባይ ወይም የእምነት ጉድለት እንዳልሆነ፣ ነገ ሳትል ከምታምነው ሰው ጋር ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ፣ እስከዚያም ብቻዋን እንዳትሆን ነገረቻት። ራሷን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል እንድትገባ። ከዚያ በኋላ ብዙዎች በውስጥ መስመር እንደጻፉላት አውቃለሁ። እርሷም ከእናቷ ልጅ ጋር እንደሄደች አንድ መስመር ጽፋለች።

ምላሽ 35
ከዚሁ ከደብረ ማርቆስ የሆነች እናት፣ በግቢያቸው ካለች ሌላ እናት ጋር የጀመሩትን ነገረችን። ቅዳሜ ረፋድ አንዷ የሁለቱንም ልጆች ትይዛለች፣ ሌላዋ ትተኛለች ወይም ገበያ ትሄዳለች፤ በቀጣዩ ቅዳሜ ይለዋወጣሉ። ገንዘብ አይከፋፈሉም፣ ታላቅ እኅት ከትምህርቷ አትቀርም። ባሎቻቸውም ተራ ገብተዋል።

ምላሽ 36
ልጅ ቢታመም እንዴት ታደርጋላችሁ፣ ከእነዚህ ሁሉ ልጆች ጋር ከሰልና ጀበናስ እንዴት ይሆናል የሚል ጥያቄ መጣ። 35ኛዋ መልሳለች፦ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ያለበት ልጅ በዚያ ሳምንት ቤቱ ይቆያል፤ እያንዳንዱ ምሳውንና ቅያሪ ልብሱን ይዞ ይመጣል፤ ልጆቹ እስኪሄዱ ከሰል አይቀጣጠልም፣ ቡናውም ከዚያ በኋላ ይፈላል።

እኔም ከግቢያችን ካለች አንዲት እናት ጋር በዚሁ ደንብ ተስማምተናል። በግቢው ሦስተኛ ቤት ቢገኝ ተራው ይሰፋል። ደብረ ማርቆስ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አካባቢ የምትኖሩና ከ1 እስከ 4 ዓመት ልጅ ያላችሁ፣ እናትም ሆናችሁ አባት፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለመጀመሪያው ቅዳሜ ልጆቹን የምንይዘው እኔና ባለቤቴ ነን።